በሦስት መቶ ሃያ እና በአራት መቶ ሰማንያ መካከል

ፈንታሁን ሞተ ብለው ሲደውሉልኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ነገር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ «ለቀብሩ ስንት ሰው ይወጣ ይሆን?» የሚል ነበር። ማዘን የመጣው ቆይቶ ነው። ኩላሊቱን ታሞ ለሕክምና ጎንደር ሲመላለስ እንደከረመ ሰምቻለሁ፤ ሄጄ ግን አልጠየቅሁትም። ከደባርቅ ዳባት በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይሞላም። መንገዱ አይደለም ያስቀረኝ፤ ቅናት ነው።

በዕድሜዬ እንደ ፈንታሁን የቀናሁበት ሰው የለም። ሀብታም አልነበረም፣ መልከ መልካምም አልነበረም። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን የዳባት ልጅ ነው። ሰው ሲጸልይ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ይል የለ? ፈንታሁን ሳይጸልይም እኔን አላጣም።

ደባርቅ መናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈትና የኮምፒውተር ቤት ነበረኝ። ከጎንደር በኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ ይዤ ስመለስ በከተማዋ ድረ ገጽ መሥራት የሚችለው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነበር የማምነው። ሰው «ኢንጅነር ባዩ» ይለኛል። ኢንጅነር እንዳልሆንኩ እያወቅሁ ዝም እላለሁ፤ ደስ ይለኛላ! ፈንታሁንን የቀጠርኩት ለትየባ ነው፤ ማመልከቻ፣ ውል፣ የሠርግ ጥሪ። ከቴክኒክና ሙያ በዲፕሎማ የወጣ ልጅ ነው። «ከትየባ ሌላ የምትችለው ነገር አለ?» ስለው «እሞክራለሁ አለቃ» አለኝ። እሞክራለሁ! ያችን ቃል ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠላኋት፣ ምክንያቱም የሞከረው ሁሉ ይሳካለት ነበር።

ሁለት ወር ሳይሞላ ሰው ወደ ቤቴ የሚመጣው እሱን ፍለጋ ሆነ። በሩ ላይ ቆመው እኔን አልፈው ያያሉ። «ያ ቀጭኑ ልጅ የለም?» እኔ ቁጭ ብዬ! እሱ አንድ ማመልከቻ ከመተየቡ በፊት «ማን ነው የሚያየው?» ብሎ ይጠይቃል። ዳኛ ነው? የቀበሌ ሊቀ መንበር ነው? ወንድምዎ ነው? እንደሚያየው ሰው ይጽፈዋል፣ ጽፎ ያነብላቸዋል፣ «አዎ፣ እሱን ነበር ማለት የፈለግሁ» እስኪሉት ድረስ ያስተካክላል። እኔ በአንድ ሰዓት አራት ማመልከቻ ስጨርስ እሱ አንዱን ነው የሚጨርስ። ሰው ግን የሚሰለፈው እሱ ጋ ነው። ምን ይደረጋል?

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣ ቱሪስት ጓዙን በበቅሎ ነው የሚያስጭን። ባለ በቅሎዎቹ በየመንደሩ ያሉ ገበሬዎች ናቸው፤ ማኅበር አላቸው፣ የሚሠሩትም በተራ ነው። ድሮ በማኅበሩ ቢሮ በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሎ ጸሐፊው የነገ ተረኞችን በጠመኔ ይጽፍ ነበር። ተራው የደረሰ ሰው ወርዶ ስሙን አይቶ ይመለሳል። ቱሪስት ያልመጣ ቀን ጸሐፊው ሰሌዳውን በጨርቅ ጥርግ ያደርገዋል። ባዶ ሰሌዳ ማለት ሥራ የለም፣ ወደ እርሻህ ሂድ ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ባለ በቅሎ የለም። የማላውቀው እኔ ነበርኩ፣ የከተማ ልጅ።

የስልክ ኢንተርኔት ደባርቅ ገብቶ ሰው ሁሉ የቻይና ስልክ መያዝ ሲጀምር ማኅበሩ ተራውን በስልክ የሚያሳይ ገጽ እንድሠራለት ጠየቀኝ። ሠራሁ። ከላይ «የነገ ተራ» ይላል፣ ከሥሩ የስም ዝርዝር። ጥቁሩ ሰሌዳ ወርዶ መጋዘን ገባ። እኔም ለሳምንት ያህል በዋናው መንገድ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

አያ ጥጋቡን ያወቅኋቸው ያን ጊዜ ነው። ከሊማሊሞ አፋፍ ላይ ያለች መንደር ነዋሪ ናቸው። አንዲት ዳማ በቅሎ ነበረቻቸው፤ ተራ ዘለሉ ተብለው ስማቸው ተነሥቶ አያውቅም፣ ይህን ደግሞ ሳይጠየቁም ይናገሩታል። ጎንደር ያለች ልጃቸው ፊቱ ሰፋ ያለ ስልክ ገዝታላቸው፣ በጨርቅ ከረጢት ጠቅልለው እደጄ መጡ። «እዚች ላይ ይንኩ፣ ከዚያ የነገ ተራ የሚል ይመጣል» ብዬ አሳየኋቸው። «ከሥሩ የሚጻፈው ነው ተረኛው?» አሉ። «አዎ» አልኩ። ስልካቸው ላይ ዝርዝሩ ይውጣ አይውጣ ግን ቆሜ አላየሁም። ሰው ተሰልፎ ነበር፣ ተቻኮልኩ።

መስቀል አልፎ ቱሪስቱ በጎረፈበት ወቅት አያ ጥጋቡ ሦስት ጊዜ ተራቸው ደርሶ ቀሩ። የማኅበሩ ደንብ ደግሞ ሳያስታውቅ ሦስት ጊዜ የቀረ ወደ ዝርዝሩ ጭራ ይወርዳል ይላል። በዚያ ወቅት ጭራ መሆን ማለት ዓመቱን ያለ ሥራ ማሳለፍ ነው። ስብሰባ ተጠራ፣ እኔም ተጠራሁ። ፈንታሁን ያተመውን ቃለ ጉባኤ ይዞ መጥቶ ከኋላ ቆሟል።

አያ ጥጋቡ ተነሡ። «እኔ ተራ አልዘለልኩም። ባዶ ነበር» አሉ።

«ምኑ ነው ባዶው?» አለ ሊቀ መንበሩ።

«ሰሌዳው ነዋ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ኸረ አያ ጥጋቡ፣ ሰሌዳው ከወረደ ከረመ እኮ!» አለ አንዱ። እሳቸው ስልኩን ከከረጢቱ አውጥተው ሊያሳዩ ሲሉ ባትሪው አልቋል። መንደራቸው መብራት የለም፣ ስልክ የሚሞላው ቅዳሜ ገበያ ሲወርዱ ነው። ሊቀ መንበሩ ወደኔ ዞረ፤ «ኢንጅነር፣ ገጹ ችግር አለበት እንዴ?»

ስልኬን አወጣሁ። ከፈትኩ። ስሞቹ ተደርድረው ወጡ። ከፍ አድርጌ ለሁሉም አሳየሁ። «ምንም የለበት። ምናልባት ኔትወርክ ይሆናል» አልኩ። አያ ጥጋቡ ወደ ጭራ ወረዱ። ቁጭ ሲሉ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ጥምቀት ሳይደርስ ያችን ዳማ በቅሎ ሸጧት።

ከስብሰባው ስንመለስ ፈንታሁን «አለቃ፣ ባዶ ነበር ያሉት እውነት ቢሆንስ?» አለኝ።

«ስልኩን አይችሉበትም፣ ሽማግሌ ናቸው።»

«ማን ነው የሚያየው...» አለ ለራሱ፣ ማመልከቻ የሚጽፍ ይመስል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ደብተር ይዞ ገበያ ወጣ። የስልኩን ስፋት በፒክስል፣ ማለትም በስክሪኑ ነጥቦች ቆጥሮ፣ በትልቅ ቁጥር ብቻ የሚያሳይ ትንሽ ገጽ ሠርቶ ነበር። ባለ በቅሎዎቹን አንድ በአንድ «ስልክዎን አንዴ?» እያለ ይከፍታል፣ ቁጥሩን ይጽፋል፣ ቀጥሎ የማኅበሩን ገጽ ይከፍታል፣ የታየውን ይጽፋል። ሰው ምዝገባ መስሎት ተሰለፈ። አንዲት እናት ሬዲዮ ይዘው ተሰለፉ፤ ይሄ ልጅ አልሳቀባቸውም፣ በማስመሪያ ለክቶ የሬዲዮናቸውን ስፋት ጻፈላቸው። መርቀውት ሄዱ። እኔ ከማዶ ሆኜ እያየሁ ጥርሴን አፋጨሁ። ስልክ መለካት ያሳፍራል ብዬ አይደለም፤ እኔ ሳላስበው እሱ ስላሰበው ነው።

ማታ ደብተሩን አምጥቶ ዘረጋልኝ። «ሰባት ስልክ ባዶ ነው የሚያሳይ። ሰባቱም ስፋታቸው ሦስት መቶ ስልሳ ነው። አንዱ የአያ ጥጋቡ ነው፣ ልጃቸው የገዛችላቸው።»

«ታዲያ ስድስቱ ምነው ከተራቸው አልቀሩ?»

«ወጣቶች ናቸው፣ ባዶ ሲያዩ ኔትወርክ ነው ብለው ደውለው ይጠይቃሉ። አያ ጥጋቡ ባዶ ሲያዩ ሥራ የለም ብለው ጤፋቸውን ይወቃሉ። በሰሌዳው ጊዜ እንደዚያ ነበር እኮ።»

ያኔ ገባኝ። «ኔትወርክ ነው አልኩህ!» ብዬ ጮህኩበት።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። አንድ ድረ ገጽ መልኩን የሚያወጣለት የደንብ ፋይል አለው። በዚያ ውስጥ «ስክሪኑ ቢበዛ ይህን ያህል ከሆነ እንዲህ ሁን፣ ቢያንስ ያን ያህል ከሆነ እንዲያ ሁን» የሚሉ መስመሮች አሉ። ሚዲያ ኩዌሪ ይባላሉ። እኔ ዝርዝሩን መጀመሪያ ደብቄው፣ ጠባብ ስልክ ሲመጣ በአጭሩ፣ ሰፊ ሲመጣ በሰንጠረዥ እንዲወጣ አዝዣለሁ። አሳምሬ የጻፍኩት እንዳይመስላችሁ። ከዚህም ከዚያም ለቃቅሜ ሦስት ፋይል ውስጥ የበተንኳቸው አርባ ሦስት መስመሮች ነበሩ። እኔ ራሴ የትኛው የት እንዳለ ጠፍቶኛል።

ፈንታሁን መስመሮቹን የሚመረምር ፕሮግራም ጃቫስክሪፕት በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ልጻፍ ብሎ ተነሣ። መጀመሪያ በራሱ ዘዴ መስመሩን ሊቆራርጥ ሞከረ፤ አንዱ መስመር በነጠላ ሰረዝ ሁለት ሐሳብ አያይዞ መጣበት፣ ሌላው «ይህ ካልሆነ» የሚል አፍራሽ ይዞ መጣበት፣ ተበላሸ። ሦስት ቀን ታገለ። እኔ በልቤ «እሰይ» አልኩ። በአራተኛው ቀን ለዚሁ ሥራ አንድ ሰው ጽፎ በነጻ የለቀቀው ላይብረሪ፣ ማለት ያለቀለት ፕሮግራም፣ አገኘ። መስመሩን ትሰጠዋለህ፣ ከፋፍሎ ይመልስልሃል፤ ለየትኛው መሣሪያ እንደሆነ ለብቻ፣ ቢያንስ ይበል ቢበዛ ለብቻ፣ ቁጥሩን ለብቻ፣ መለኪያውን ለብቻ።

«እናቴ ዳባት ውስጥ ለሠርግ ዶሮ የምትሠራ ናት» አለኝ እየሳቀ፣ አፉን ሸፍኖ። «ብልቱን ሳታወጪ ወጡን አትጀምሪ ትላለች ለምታስተምራቸው። ይሄም እንደዚያው ነው። ብልቱ ሳይወጣ በሰው ላይ ይፈረዳል።»

«አንተ ወንድ ሆነህ ዶሮ ብልት ምን አገባህ?» አልኩት። ሌላ የምለው ስላጣሁ ነው። እንደዚያ ዓይነት ላይብረሪ እንዳለ እኔ፣ ባለ ዲግሪው፣ አላውቅም ነበር። ፈልጌም አላውቅም።

በማግሥቱ አንድ ወረቀት አትሞ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ። አርባ ሦስቱም መስመሮች ብልት በብልት ወጥተው፣ እያንዳንዱ ከየት እስከ የት እንደሚገዛ በሠረዝ ተስሏል። አንዱ ፋይል በፒክስል ሌላው በሌላ መለኪያ ተጽፎ ነበር፤ አንዱን ጨርቅ በክንድ፣ ሌላውን በስንዝር እንደመለካት። ለዚህ ነው ዓይኔን ያመለጠኝ። እሱ ሁሉንም ወደ አንድ መለኪያ መልሶታል። አጭሩ ዝርዝር ሦስት መቶ ሃያ ላይ ያልቃል። ሰንጠረዡ አራት መቶ ሰማንያ ላይ ይጀምራል። መካከሉ ነጭ ወረቀት ነው።

ጣቱን ነጩ ላይ አሳረፈ። «አለቃ፣ እዚህ ጋ ምንም የለም። አያ ጥጋቡ ያሉት እዚህ ነው።»

ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። ይህን ስጽፍ እንኳ ይግላል። አመሰግናለሁ ማለት ነበረብኝ። «ማን አዘዘህ?» ነው ያልኩት። ከዚያ «አስተካክለውና አፍህን ዝጋ» አልኩ።

«እሺ። ለአያ ጥጋቡስ?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ። ለማኅበሩም እነግራለሁ።»

«መቼ?»

«እነግራለሁ አልኩህ እኮ!»

ማስተካከሉ ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። እኔ ለማኅበሩ «ገጹን አሻሽዬዋለሁ» ብቻ አልኩ። በዓመቱ ጉባኤ ማኅበሩ «ገጹ አሁን በሁሉም ስልክ ይሠራል፣ ኢንጅነራችን ይመስገን» ብሎ ጋቢ አለበሰኝ። ቤቱ አጨበጨበ። ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበው ፈንታሁን ነው። ፊቱን ብዙ ፈለግሁበት፤ ምጸት ባገኝበት እንዴት ደስ ባለኝ! የለም። ደስ ብሎት ነበር። ያ ጋቢ እስከ ዛሬ ከፌስታሉ አልወጣም።

ጥቂት ቆይቶ ጠየቀኝ፤ «ለአያ ጥጋቡ ነገርካቸው?»

«ነግሬያቸዋለሁ። ይቅር ብለውኛል» አልኩት። ይህን ውሸት ዓይኑን እያየሁ ነው የዋሸሁት።

«ተመስገን!» አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። የሱ ነገር የተፈታለት ይመስል።

ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ሰኞ ጫንቃውን እያሸ ሥራ ገባ። «ምን ሆንክ?» አልኩት። «ሸክም ነው አለቃ» አለ። ለእናቱ እህል ተሸክሞ ነው ብዬ ተውኩት። ወር ሳይሞላ «እናቴ ብቻዋን ናት፣ ዳባት እገባለሁ» ብሎ ተሰናበተኝ። ደብተሩን ትቶልኝ ሄደ። እኔ እፎይ አልኩ። ሰው ግን ለዓመት ያህል በሬ ላይ እየቆመ «ያ ቀጭኑ ልጅ የለም?» ሲለኝ ከረመ።

እንግዲህ ወደ ቀብሩ። ዳባት ስደርስ መንገዱ በሰው ተሞልቷል። መቁጠር ጀመርኩ። አዎ፣ ቆጠርኩ! ሁለት መቶ ስደርስ ተውኩት። ሬዲዮናቸውን ያስለኩት እናት ሳይቀሩ መጥተው ያለቅሳሉ። እኔ ብሞት ይህ ሁሉ ሰው ይመጣል? ይህን ነበር ሬሳው እያለፈ የማስበው። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ፤ ብደብቀው ምን ይረባኛል።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ስገባ አያ ጥጋቡ ዘንግ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከሊማሊሞ አፋፍ ድረስ! ካጠገባቸው ቦታ ስለነበረ መሸሽ አልቻልኩም፣ ተቀመጥኩ።

«አያ ጥጋቡ፣ አንቱም መጡ?» አልኩ።

«ኸረ እንዴት አልመጣ? ልጄ እኮ ነው።» ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «ታሪኩን አልነገረህም? እመቤቴን፣ እንዲህ ያለ ልጅ አላየሁም። ቅዳሜ ገበያ አግኝቶኝ ‹ስለ ገጹ የነገረዎት ሰው አለ?› ቢለኝ ‹ማንም› አልኩት። በማግሥቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ደጄ ላይ ቆሟል፣ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ። የሰው ነፍስ ያጠፋ መስሎኝ ክው አልኩ። ምን አጠፋህ ልጄ ብለው፣ ‹ገጹን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ተራዎን ያስቀረሁት፣ በቅሎዎን ያሸጥኩት እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ› አይለኝም?»

እሳቸው ቀጠሉ።

«ድንጋዩን አወረድኩለት። ይቅር ብየሃለሁ አልኩት። ‹ማኅበሩ ፊት ቆሜ እናገራለሁ፣ ስምዎ ይመለስ› ሲል ግን እንቢ አልኩ። በቅሎዋ አንዴ ተሸጣለች፣ ደግሞ የድኻ ልጅ እንጀራ ልዝጋ? ዝም በል ብየ አስማልኩት። እኔም ዝም አልኩ፣ ለሱ ስል። ተራ የዘለለ ሽማግሌ እየተባልኩ ይኸው እኖራለሁ።»

ሁለት ሰው ዝም ብሏል። አንዱ ሞቷል፣ አንዱ አጠገቤ ተቀምጧል። ሁለቱም ዝም ያሉት ለኔ ነበር፣ ይህ ሽማግሌ ግን አያውቅም። በዚያች ሰዓት በፈንታሁን ላይ የተሰማኝ ምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ፣ አዎ፣ ቅናት ነው። ይቅር ብለውኛል ብዬ የዋሸሁትን ይቅርታ እሱ በእውነት ሄዶ ተቀብሎታል። ለኔ የተረፈኝ የለም።

መነሣት እችል ነበር። ሚኒባሱ ደባርቅ፣ ደባርቅ እያለ ይጣራል። ማንም አያውቅም፣ የሚያውቀው አሁን ተቀብሯል።

«አያ ጥጋቡ» አልኩ። «ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝ። ያበላሸሁትም እኔ ነኝ። እሱ ያገኘውና ያስተካከለው ነው። እነግራቸዋለሁ ብዬው አልነገርኩዎትም። ነግሬያቸዋለሁ ብዬም ዋሸሁት። ማኅበሩ ፊት ቆሜ እናገራለሁ፣ በዚህ ሳምንት።»

እጃቸው ዘንጉ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ተላወሰ። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ። ይመቱኛል ብዬም ጠበቅሁ።

«እና ያ ድንጋይ ያንተ ነበር?» አሉኝ በመጨረሻ።

«አዎ አያ ጥጋቡ።»

ፊታቸውን ወደ ድንኳኑ በር አዞሩ።

«ከባድ ነበር እኮ» አሉ። «ልጁ ደግሞ ቀጭን ነው። ላብ አጥምቆት ነበር የመጣ።»